ፊቷን የደፋች መኪና

ባለቤቴ የመኪናችንን እግር የተሰበረ ያስመሰለው በጦርነቱ ጊዜ፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ያን ሰሞን መኪና ያለው ሰው ሁሉ ሐሳብ ላይ ወድቆ ነበር። ከእኛ በላይ ካለው ሰፈር ታጣቂዎች የአንድ ሆቴል ሚኒባስ ወስደዋል፤ ከታች ደግሞ አንድ ነጋዴ የጭነት መኪናውን ቁልፍ በገዛ እጁ አስረክቦ በእግሩ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ባለቤቴ ባትሪውን ነቅሎ ጣሪያ ሥር ሸሸገ፤ የጎማዎቹን አየር አስተነፈሰ። ይህን ሁሉ አድርጎም ልቡ አላረፈም።

«ባትሪ ይዘው ይመጣሉ» አለኝ በረንዳው ላይ ቆሞ እያያት። «ጎማም ይነፋሉ። አለዚያም ጎትተው ይወስዷታል። እግር የሌላት ብትሆን ግን ማን ይጎትታታል?»

ምን ሊል እንደፈለገ አልገባኝም። የመኪና ሰው አልነበርኩም። እኔ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ፤ እሱ ቱሪስት ያመላልሳል። ላሊበላ ውስጥ እንደኛ ያለ ባልና ሚስት ሞልቷል፤ አንዱ እንግዳውን ያመጣል፣ አንዱ ያስተኛል። መኪናዋን ያገኛት ስንት ዘመን ለሰው ሲነዳ ኖሮ ነው። አሮጌ ነጭ ፎርዊል ናት፤ ወንበሯ ተቀዷል፣ ሞተሯ ግን ዳገት አይፈራም። ሲያወራላት እንደ ሰው ነው። «ዛሬ አሟታል» ይላል፤ «ላጥባትና እመጣለሁ» ይላል። ልጅ አልወለድንምና የሰፈሩ ሰው ሲቀልድብን «የበኩር ልጃችሁ ዘይት ታፈሳለች» ይለን ነበር።

የዚህች መኪና የፊት እግር የቆመው በሞላ አይደለም። ከሆዷ ሥር በግራና በቀኝ የተጋደሙ ሁለት ወፋፍራም የብረት ዘንጎች አሏት፤ ሹፌሮቹ ቶርሽን ይሏቸዋል። ዘንጉ ተጠምዞ ነው ክብደቷን የሚሸከመው። በየዘንጉ ጫፍ አንድ ረጅም ብሎን አለ፤ ሲያጠብቁት የመኪናዋ ፊት ብድግ ይላል፣ ሲያላሉት ዝቅ ይላል። ባለቤቴ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው ድንጋያማ መንገድ እንግዳ ሲያደርስ ሆዷ እንዳይመታ ከፍ ያደርጋት ነበር። ያን ቀን ግን ከሥሯ ገብቶ ሁለቱንም ብሎኖች እስከ መጨረሻው አላላቸው። መኪናዋ ቀስ እያለች ፊቷን ደፋች። ጭነት በዝቶባት የተንበረከከች በቅሎ መሰለች።

ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ አያት። «ይቅር በይኝ» አላት። ሳቅሁበት፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ መፍቻዎቹን ከነሣጥናቸው ወስዶ ጎረቤት ቤት አስቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ ታጣቂዎች ግቢያችን ገቡ። አንደኛው ጎማዋን በጫማው መታ መታ አደረጋት።

«ምን ሆና ነው?»

«እግሯ ተሰብሮ ነው ጌታዬ» አለ ባለቤቴ። «መለዋወጫው ጠፍቶ ነው የተቀመጠች።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ፤ ቀና ብሎ ጓደኞቹን «ይቺማ ሞታለች» አላቸው። ሄዱ። ያን ዕለት የጎረቤታችን ቤት ተበርብሮ የመፍቻው ሣጥን ተወሰደ። ባለቤቴ ግን ደስ ብሎት ነው የዋለው። «መፍቻ ይገዛል» አለኝ። «ዋናው እሷ ተርፋለች።»

የተረፈችው ግን እሷ ብቻ ሆነች። ባለቤቴ የስኳር በሽተኛ ነበር። ጠዋትና ማታ የሚወጋው መርፌ አለው፤ ቤታችን ውስጥ ጨው የማይጠፋውን ያህል መድኃኒቱም ጠፍቶ አያውቅም ነበር። መንገዱ ተዘጋ፤ መብራት ጠፋ፤ ስልክ ጠፋ፤ መድኃኒት ከየትም የማይመጣ ሆነ። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ ጠየቅሁ። እናቷ የሞተችባት አንዲት ሴት ከእናቷ የተረፈውን ሰጠችኝ፤ በውኃ በራሰ ጨርቅ ጠቅልላ ነበር ያስቀመጠችው። እሱን ቆጥበን ቆጥበን ወሰደው። ሲያልቅ ውኃ ብቻ የሚጠጣ፣ ጠጥቶ የማይረካ ሰው ሆነ። ቀበቶው ወገቡ ላይ አልቆም ሲል በሲባጎ አሠረው። ሌላ አገር ወገን ያላቸው ከከተማው በእግራቸው እየወጡ ነበር። እሱ እስከ ግቢው በር ሄዶ ሲመለስ የሚያርፍ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ አረፈ። የደብሩ ሰው ስለነበር ነአኩቶ ለአብ ቀበርነው። ጥቂት ሰዎች ነበርን። እናቱ ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ በይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ገጠር ነው ያሉት፤ ማን ሄዶ ይንገራቸው? የሰሙት አርባው ካለፈ በኋላ ነው፤ ያውም ከገበያ ከሚመለስ ሰው አፍ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ እንደተደፋች ቀረች። መንገዱ ሲከፈት፣ መብራቱ ሲመጣ፣ ሆቴሉ እኩሌታውን ሠራተኛ ጠርቶ ሲከፍት እሷ እዚያው ናት። ዙሪያዋን ሣር በቀለባት። ዶሮዎቼ በተቀደደው ወንበር ላይ እንቁላል ይጥሉ ነበር። ሰው «ሽጫት» ሲለኝ «እሺ» እላለሁ፤ ገዥ ሲመጣ ደግሞ «ባለቤቱ የለም» እላለሁ። እውነቴን ነው፣ አልነበረማ።

ባለቤቴ አንድ ባልንጀራ ነበረው፤ እንደሱ ሹፌር፤ መንጃ ፈቃድ ያወጡት አብረው ነው። ጦርነቱ ባሕር ዳር ላይ ያዘውና ለቀብር አልደረሰም። ሲመለስ ግቢያችን ገብቶ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሴት አለቀሰ። ከዚያ በኋላ በዓል ሲሆን እየመጣ ይጠይቀኛል፤ እንጨት ካለ ይፈልጥልኛል፤ መኪናዋን ግን ቀና ብሎም አያያት።

አንድ ቅዳሜ ከአማቴ አገር ለገበያ የመጣች ሴት መልእክት ይዛልኝ ገባች።

«እማማ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ከርመዋል። አሁን በምርኩዝ ከቤት ደጅ ይላሉ። ‹የልጄ መኪና ትምጣልኝ፤ መቃብሩን ሳላይ እንዳልሞት› ብለዋል።»

«መኪናዋ እኮ አትሄድም።»

«ብለናቸዋል። ‹እግሯ ከዳነ የኔም ድኗል በሏት› አሉ።»

ይህንኑ ለባልንጀራው ነገርኩት። በሚነዳው የድርጅት መኪና ሊያመጣቸው ፈቃደኛ ሆነ።

«በሰው መኪናማ እኔም ላስመጣቸው እችል ነበር» አልኩት። «እሳቸው ያሉት በልጄ መኪና ነው። ለገና ሲያመጣቸው ጋቢናው ውስጥ ትራስ አድርጎ ነበር የሚያስቀምጣቸው። እሱን ነው የሚፈልጉት።»

ወደ መኪናዋ ዞሮ አያት። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ።

ክሪክ አምጥቶ ፊቷን አነሣት፤ እንዳትወድቅበት ግንድና ድንጋይ ደገፈበት። በሽቦ ብሩሽ ጭቃውን ፈቀፈቀ። የቀኙ ብሎን ዝጎ ነበር፤ ግን ናፍጣ ካጠጣውና በመዶሻ ጎን ጎኑን ካንኳኳው በኋላ በብዙ ልፋት ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያለ እሺ አለው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ መፍቻ አቀብለው ነበር። ወደ ግራው ዞረ። ወዲያው ማንኳኳቱን አቆመ።

«እታለም» አለኝ ከሥር። «ይሄን ብሎን ማነው የነካው?»

«ማንም አልነካውም። እሱ ካላላው ወዲህ ሰው አልነካትም።»

«ነይ እስኪ እዪው።»

ነጠላዬን አውልቄ በጀርባዬ ገባሁ። የእጅ ባትሪውን አበራልኝ። የቀኙ ብሎን ራስ ስድስት ማዕዘኑ እንደ አዲስ ነበር። የግራው ግን ተላልጦ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ብረቱ ላይ ጥርስ የነከሰው የመሰለ ጭረት በጭረት ላይ ተደራርቧል።

«ይሄ የመኪና መፍቻ አይደለም» አለ ባልንጀራው። «የቧንቧ መፍቻ ነው። ሲያላላው የተላለጠ እንዳልል፣ ጭረቱ ወደ ማጥበቂያው በኩል ነው። ሊያነሣት የታገለ ሰው አለ። አቅም አልነበረውም፤ እዪው፣ ሁሉም ጭረት ትንንሽ ነው፤ ይዞ፣ ገፍቶ፣ አምልጦት፣ እንደገና ይዞ።»

ከዚያ እጁን መሬቱ ላይ አሳረፈ። የተኛንበት ቦታ ጎድጓዳ ነበር። እኔ ዶሮዎቹ ጭረው ያጎደጎዱት ይመስለኝ ነበር። ርዝመቱን በእጄ ዳሰስኩት። መኪናዋ ዝቅ ብላ ስለነበር ክሪክ የሌለው ሰው ከሥሯ መግባት አይችልም፤ መሬቱን መቆፈር ነበረበት። ስፋቱ የቀጭን ሰው ትከሻ ያህል ነው።

ከሥር ወጥቼ ቀጥታ ወደ ሌላው ጎረቤታችን ሄድኩ። የቧንቧ ሠራተኛ የነበሩ፣ ዛሬ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው።

«አባባ፣ በዚያ ክፉ ጊዜ መፍቻ ያዋሱት ሰው ነበር?»

«ባለቤትሽን ነዋ» አሉኝ፣ ትናንት የሆነ ይመስል። «ለቧንቧ ነው ብሎኝ ነበር። ቧንቧው ውኃ ካጣ ወራት አልፎት ስለነበር ገርሞኝ፣ ‹ምን ትቸኩላለህ?› ብለው፣ ‹መንገድ ሲከፈት እንዳልዘገይ ነው አባባ› አለኝ። ሲመልሰው በሁለት እጁ ተሸክሞት ነበር። ከሕመሙ ነው ብዬ አልጠየቅሁትም።»

ያን ጊዜ የባለቤቴ ጃኬት ትዝ አለኝ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጀርባው አፈርና ዝገት እየሆነ ይመጣ ነበር። ሳጥበው «የት ተኝተህ ነው?» እለዋለሁ። «ግንቡ ሥር ፀሐይ ስሞቅ» ይለኛል። ሕመምተኛ ሰው ፀሐይ ቢሞቅ ምን ይገርማል? እኔ መድኃኒት ፍለጋ በየሰፈሩ ስዞር እሱ እዚህ ነበረ።

ወደ ግቢው ስመለስ ባልንጀራው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሽማግሌው ያሉኝን ነገርኩት።

«ወልድያ ሊሄድ ነበር» አለ። «መንገዱ ለአንድ ቀን እንኳ ቢከፈት ሆስፒታል ሊደርስ። እኔ እዚህ ብሆን ኖሮ በአንድ ከሰዓት እናነሣት ነበር።»

«ናፍጣስ ከየት ይመጣል? መንገዱስ መች ተከፈተ?»

«አውቃለሁ። ግን ተነሥታ ትጠብቀው ነበር።»

የግራው ብሎን በዚያ ቀን አልተንቀሳቀሰም። ዝጎ ከሚገባበት ቀዳዳ ጋር አንድ ሆኗል። የብየዳ ሠራተኛ አምጥተን በእሳት እናሙቀው ይሆን ብዬ ጠየቅሁት፤ እሳት አጠገቡ እንዳይደርስ ከለከለኝ። ዘንጉ ከሞቀ ጉልበቱን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ተነሥታም አትቆምም አለኝ። ሰኞ እንግዶች ይዞ ወደ ሰቆጣ መሄድ ነበረበት። ናፍጣና የፍሬን ዘይት በአንድ የውኃ ፕላስቲክ ቀላቅሎ ሰጠኝ።

«ጠዋት ጠዋት አጠጪው። በመዶሻ ቀለል አድርገሽ መታ መታ አድርጊው፤ ንዝረቱ ነው ዝገቱን የሚያስለቅቀው። በኃይል እንዳትመቺው። እስክመለስ ትዕግሥት ነው።»

እሱ እስኪመለስ በየማለዳው ወደ ሆቴሉ ከመሄዴ በፊት ከሥሯ ገባሁ። አሮጌ ማዳበሪያ አነጥፋለሁ፤ ጎድጓዳው ውስጥ ጀርባዬን አስገባለሁ፤ ዘይቱን በጨርቅ እያንጠባጠብኩ አጠጣዋለሁ። ዝገቱ ዓይኔ ውስጥ ይወድቃል። መጀመሪያ ቀን እንባዬና ዝገቱ ተደባልቆ ፊቴን ቀይ አድርጎት ሆቴል ስደርስ አለቃዬ ደም መስሏት ጮኸች።

አንድ ነገር ያየሁት እዚያ ተኝቼ ነው። ከመኪናዋ ሥር አንገትን ወደ ጎን ሲያዞሩት የቤታችን ደጅ ይታያል። የሰው ፊት አይታይም፣ እግር ብቻ ነው። ስወጣና ስገባ፣ ከገበያ ባዶ እጄን ስመለስ፣ ደጃፍ ላይ ቆሜ «የት ሄደ?» ስል እግሬን ያይ ነበር ማለት ነው። አንድ ጊዜ ስጠራው መልስ አጥቼ መኪናዋን ታክኬ ማለፌን አስታውሳለሁ። ትንፋሹን ይዞ ይሆናል። ለምን አልጠራኝም? መፍቻውን አብሬው መግፋት እችል ነበር። ጉልበት ነበረኝ። አልጋ የሚያነጥፍ ሰው ጉልበት አለው።

ይህን ጥያቄ ብሎኑን ብቻ ነው የጠየቅሁት።

ባልንጀራው ተመልሶ በመጣ ማግሥት ሥራው ተጀመረ። የብሎኑ ራስ ስለተላለጠ ልኩ የሆነው መፍቻ አይዘውም፤ ከልኩ ያነሰውን ሞርዶ በመዶሻ እየመታ አጠለቀው። እጀታው ላይ ረጅም ቱቦ ሰካ። «አንቺ ቱቦውን ያዢ። ሳቢ ስልሽ ትስቢያለሽ፣ ልቀቂ ስልሽ ትለቂያለሽ። እንዳትቸኩይ» አለኝ። እሱ ከሥር ሆኖ መዶሻውን ሲያሳርፍ እኔ ሳብኩ። ለቀቅሁ። ሳብኩ። እጄ ተላጠ። ፀሐይዋ ከአሸተን ማርያም ተራራ በላይ ከፍ ብላ ጀርባዬን እስክታቃጥለኝ ድረስ ምንም አልነበረም። ድንገት ከብረቱ ውስጥ የደረቀ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ።

«ተሰበረ?» አልኩ ቱቦውን ለቅቄ።

ከሥር የእጅ ባትሪው በራ። ከዚያ ባልንጀራው «አልተሰበረም» አለ፤ ድምፁ ተለውጦ። «ዞሯል።»

ከዚያ በኋላ ያለው በትዕግሥት የሚያልቅ ሥራ ነበር። ትንሽ ከቀኝ፣ ትንሽ ከግራ፣ ዘይት እያጠጣ፣ ወደኋላ እየመለሰ፣ እንደገና እያጠበቀ። መኪናዋ ፊቷን ማንሣት ስትጀምር እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም። ከተደፋችበት ቀና ስትል እሱ ከሥሯ የሚወጣ መሰለኝና ዓይኔን መሬቱ ላይ ተከልኩ። ከሥሯ ያለው ጎድጓዳው ብቻ ነው። ባልንጀራው አካፋ አምጥቶ ሊደፍነው ሲል «ተወው» አልኩት፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ራሴ ደፈንኩት።

ግራዋ እንደ ቀኟ አልተነሣም፤ ብሎኑ እስከ መጨረሻው መሄድ አልቻለም። ትንሽ ታነክሳለች። «እናቱን ታደርሳለች» አለ ባልንጀራው። ይኸው በቃን። ጎማዎቿን ነፋ፣ ባትሪ ተውሶ ገጠመላት።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሄድን። አማቴ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዘመዶቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው አውጥተዋቸዋል። ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። መኪናዋ ስትቆም ተነሡና በምርኩዛቸው ጠጋ ብለው ኮፈኗ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«መጣሽ?» አሏት። እኔን የሳሙኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ትራስ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ከተማውን አልፈን ወደ ነአኩቶ ለአብ ስንታጠፍ «በዚህ ነው ይዛችሁት የሄዳችሁ?» አሉኝ። «አዎ እማማ፤ በትከሻ» አልኳቸው።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ የሚጮኹ መስሎኝ ልደግፋቸው ተዘጋጀሁ። አልጮኹም። ዙሪያውን አዩና «ራሱ በየት በኩል ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። እዚያ ጋ አስቀምጡኝ አሉ። ድንጋዩን እየዳሰሱ አንድ በአንድ ጠየቁኝ።

«ማን አጠበው?»

«ጎረቤቶቹ። እኔ ውኃውን ሳቀብል ነበርኩ።»

«ፍትሐት ተደረገለት?»

«ተደርጎለታል። ንስሐ አባቱ ነበሩ።»

«ከፈኑስ?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ነበር፤ አቡጀዲ ከየትም አልተገኘም። «የሆቴል አንሶላ ነው እማማ» አልኳቸው። «የሆቴሉ ዘበኛ አምጥቶ ሰጠን። ንጹሕ ነበር። ድሮ ያጠብኩት እኔው ነኝ።»

እጃቸው ድንጋዩ ላይ ቆመ። ከዚያ «ካጠብሽውስ ይበቃል» አሉ፤ ያን ጊዜ ነው እንባቸው የመጣው። ባልንጀራው ፈቀቅ ብሎ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ወደ ቤት ስንመለስ ይዤው ልቀር አልቻልኩም። የተላለጠውን ብሎን፣ የቆፈረውን መሬት፣ ለጎረቤታችን የተናገረውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሊያነሣት ሞክሮ ነበር፤ አቅም አጥቶ ነው የቀረው አልኳቸው። ለእኔ ግን አልነገረኝም ብዬ ጨመርኩ፤ ይህችን ስል ድምፄ ተሰበረ።

አማቴ ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

«መንገድ ሲከፈት እንዳልዘገይ አለ?»

«እንዲያ ብሎ ነበር።»

«ወደኔ ሊመጣ ነበራ!» አሉ። «ሞቱን አውቆታል። ልጄ ‹እናቴን ሳልሰናበት አልሞትም› ብሎ ነው። አየሽ፣ እኔ ‹እንዴት አንድ ቃል እንኳ ሳይልክልኝ› እያልኩ ሳማው ነው የኖርኩት። ለካ እየመጣ ነበር።»

ባልንጀራው በመስታወቱ አየኝ። እሱ ወልድያ ነው የሚለው፤ ሆስፒታል። እኔ ደግሞ እነዚያን ማለዳዎች ሁሉ ከብሎኑ ሥር ተኝቼ ሌላ ነገር አስቤ ነበር። እኔን ከዚያ ሊያወጣኝ፣ እኔን አስቀምጦ ወደ አንድ የሰላም አገር ሊነዳ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አማቴ ወደ ኋላ ዞረው እጄን ጨብጠው «ወደኔ፣ ወደኔ» ሲሉ በውስጤ የሆነ ነገር ተነጠቅሁ፤ እንደ ሕፃን ልጅ «አይደለም» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊታቸውን አየሁት። እሱ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ በርቶ አላየሁትም።

«አዎ እማማ» አልኳቸው። «ወደ እርስዎ ነበር።»

እኔ ጋ ጥቂት ሰነበቱና አገሬ ልግባ አሉ። በዚያችው መኪና መለስናቸው። አሁን መኪናዋን ባልንጀራው ይነዳታል፤ እንግዳው ጥቂት ጥቂት እየተመለሰ ነውና ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄድ ሲያገኝ በዚያ በኩል ያልፋል፤ ለአማቴ ስኳርና ሳሙና ያቀብልልኛል።

ባለፈው ለአንድ ለቅሶ እሳቸው አገር ሄጄ ነበር። የማላውቃት ሴት ትከሻዬን አቅፋ ልታጽናናኝ ጀመረች። «ባልሽ እኮ» አለችኝ፣ «በዚያ ሁሉ ሕመም እናቱን ሊሰናበት መኪናውን በገዛ እጁ ሊጠግን ሲታገል ነው የሞተው። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ታድላለች።» አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ሆኗል።

«አዎን» አልኳት። «ታድላለች።»